ለመስቀል የተቀባው ቀፎ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ መስቀል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እዚሁ ቡታጅራ ነው። ለሰው ብዙም አላወራሁትም። የትምህርት ቤታችንን ሰማያዊ ቀፎ ባየሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል።

የትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ ርዕሰ መምህሩ የተማሪዎቹን የንብ ክበብ እንድይዝ ጠየቀኝ። ንብ እንደማነብ ያውቃል፤ ሙያውን ያስተማረኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው። ክበቡ የነበረው አንድ የሳጥን ቀፎ ብቻ ነው። ንቦቹ ከጠፉ ሌላ መግዣ እንደሌለ፣ ክበቡም እንደሚዘጋ ርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ ነግሮናል።

ከልጆቹ ሁሉ ለንቦቹ የምትሳሳው ትርሲት ናት፤ ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም ይሉኛል። ቀፎው ጋ ስትመጣ ግን ወሬዋ አያልቅም።

በእኛ አገር መስቀል ሲመጣ ቤት ሁሉ ይታደሳል። ግድግዳ ይለሰናል፣ በር ይቀባል፣ ሳይታጠብ የሚቀር ዕቃ የለም። በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞኝ ቤት ዋልኩ። ትርሲትና ጓደኞቿ ከነትርሲት በር የተረፈ የዘይት ቀለም አምጥተው፣ ንቦቹ ወደ ማታ እስኪገቡ ጠብቀው፣ ቀፎውን ከነመግቢያው ሰማያዊ ቀቡት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ትርሲት እየሮጠች ቤቴ መጣች።

"እማማ፣ ሄዱ" አለችኝ።

ንቦቹን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለ ግቢ፣ የእንሰት ቅጠል ላይ ተንጠልጥለው አገኘናቸው። ግቢው የሀጂ ሱሩር ነው። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። በረንዳቸው ላይ የተሰቀለው ባዶ ቀፎ ግን ለዓመታት ንብ ሲጠብቅ አይ ነበር። ስንደርስ ቀፎውን አውርደው ውስጡን በጠጅ ሳር እያሹት ነው። ፊታቸው በርቷል።

ሰላምታ ብቻ ሰጠኋቸው። በእኛ ዘንድ ኮብልሎ የመጣን ንብ ያረፈበት ግቢ ባለቤት ይወስደዋል። ይህን እያወቁ መልሱልኝ ማለት ነውር ነው። ትርሲትም የገበሬ ልጅ ናትና ታውቃለች። እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ቆመች።

ሀጂ ግን አይተዋል። "እጅሽን ምን ነካው?" አሏት።

"ቀለም ነው። ለመስቀል የሁሉም ቤት ሲቀባ የነሱ ብቻ እንዳይቀር ብለን ነው።"

"ባለቤቶቹ ውስጥ ተኝተው?"

አንገቷን ደፋች። ሀጂ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ከዚያ ቆም ብለው ንቦቹን ተመለከቱ።

ቢስሚላህ ብለው ውሃ ረጩባቸውና ቅጠሉን ቀፎው አፍ ላይ ቀስ አድርገው አራገፉት። አውራዋ ንብ ስትገባ የቀሩት ተከተሏት። ቀፎውን መልሰው በረንዳው ላይ የሚሰቅሉት መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ።

"የእናንተው ገና ይሸታል። በዚህ ውሰዷቸው፤ መሸት ሲል ግን" አሉኝ።

"ሀጂ፣ እርስዎ ስንት ዘመን ሲጠብቁ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ጠብቄያለሁ። አሁንም እጠብቃለሁ" አሉ።

መሸት ሲል እኔና ትርሲት ቀፎውን ተሸክመን ተመለስን። የቀለሙ ሽታ ሲጠፋ ንቦቹን ወደ ሳጥኑ አዛወርናቸው። የሀጂን ቀፎ ልመልስ ስል ትርሲት "ባዶውን እንዴት ይመለሳል?" ብላ አስቀረችኝ።

አምና ንቦቹ በዝተው አዲስ መንጋ ተከፍሎ ወጣ። በዚያው ቀፎ ያዝነውና ልጆቹ ሁሉ ተከትለውን ለሀጂ ወሰድንላቸው። ሀጂ ቀፎውን ተቀብለው ዙሪያውን ቃኙት።

"ለእኔ ሲሆን ቀለም አለቀ?" አሏት ትርሲትን። ከልጆቹ ጋር እኔም ሳቅሁ።

ሳጥኑ እስካሁን ሰማያዊ ነው። መግቢያው አጠገብ ቀለሙ ሳይደርቅ ያረፈ የልጅ ጣት ምልክት አለ። ተፍቆ ይስተካከል ያሉኝ ነበሩ። እኔ አላስነካሁትም። ጠዋት ስደርስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።