አባባ ይመር የከፈቱት ካሜራ

ይህ የሆነው በጦርነቱ ጊዜ፣ ከተማችን መርሳ መብራትም ኔትወርክም ባጣችባቸው ወራት ነው። ከዚያ ጊዜ ልረሳው የምፈልገው ብዙ ነገር አለ። ይቺ ግን ትዝ ባለችኝ ቁጥር ብቻዬን ታስቀኛለች።

ከጦርነቱ በፊት ወልድያ ገበያ ካገኘሁት አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ የፊልም ካሜራ በዶሮ ዋጋ ገዛሁ። ሻጩ ጥቂት ፊልምም መረቀልኝ። አብረውኝ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ «ያ ቆርቆሮህ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው፣ የጎረቤት ፍየል፣ ምንም አይቀረኝም። ባትሪ አይፈልግም። የሰው ስልክ ሁሉ ሲዘጋ የሰፈሩ ብቸኛ ፎቶ አንሺ ሆኜ አረፍኩት። መንገድ ላይ ይዤው መታየት ስለሚያስፈራ ከግቢ ግቢ የምሄደው በጋቢ ሸፍኜ ነው።

ጎረቤቴ አባባ ይመር ልጃቸውን ዘሀራን ግራና ወደምትባል ከተማ ሊድሩ ነበር። ከመታወቂያ በቀር ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

«ከሷ ጋር አንዲት ብቻ አንሳኝ፤ ከሄደች በኋላ የማያት» አሉኝ። ቃል ገባሁ።

የኒካሁ ዕለት ጠዋት አዲስ ፊልም አስገባሁና በመጀመሪያ አባትና ልጅን በራቸው ላይ አነሳሁ። ከዚያ ዘመድ አዝማዱን ቀጠልኩ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ካሜራውን መደብ ላይ አስቀምጬ እጄን ልታጠብ ሄድኩ። ስመለስ አባባ ይመር የኋላ ክዳኑን ከፍተው፣ ውስጡን ወደ ፀሐይ አዙረው ፎቷቸውን ይፈልጋሉ።

«ልጄ፣ ምንም የለበትም እኮ! ጥቁር ላስቲክ ብቻ ነው።»

ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘው እንደሚቃጠል ማን ነግሯቸው? ተቀብዬ ዘጋሁት። ፊቴን አይተው «አጠፋሁ እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ምንም አላጠፉም» አልኩ። በልጃቸው ሰርግ ቀን እንዴት ልንገራቸው?

ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር «ፎቶዬስ?» ይላሉ። እኔም «መንገድ ሲከፈት» እላለሁ። እንቅልፍ ነሳኝ።

መንገድ ሲከፈት ፊልሙን አዲስ አበባ ልኬ አሳጠብኩ። አብዛኛው ነጭ ሆኖ መጣ። መጀመሪያ የተነሳው ግን ከጥቅሉ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ተርፏል። አባትና ልጅ ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ብርቱካናማ ብርሃን ፈሶበታል። ፎቶውን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ።

አባባ ይመር ለረጅም ጊዜ አዩት። እንባቸውን ጠረጉና ጣታቸውን ብርሃኑ ላይ አሳረፉ።

«ይሄስ ምንድነው?»

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። «ያን ቀን ሲከፍቱት የገባ ፀሐይ ነው። የቀሩትን ፎቶዎች አቃጥሏቸዋል» አልኳቸው።

«የሰርጓ ቀን ፀሐይ?»

«አዎ።»

«ማሻአላህ! እንኳን ከፈትኩት!»

ዛሬም በዚያው ካሜራ አነሳለሁ፤ የሳቸውን ሳቅ ያተረፈልኝ ካሜራ ነውና አልለውጠውም። አባባ ይመር ደግሞ ሰርግ የሚጠራኝን ሰው ሁሉ «ሲያነሳችሁ ትንሽ ክፈቱለት፣ ያምርላችኋል» እያሉ ይመክራሉ። እኔም ክዳኑን በፕላስተር አሽጌዋለሁ።