የማዳም ፋቭር ሰላምታ

ሕብስት ጄኔቫ ዳር፣ ቶኔ በምትባል ቀበሌ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ዓመት ስትኖር፣ የፊት ለፊት ጎረቤቷ ማዳም ፋቭር ዓይኗን ከሊፍቱ ቁልፍ አንስታ አታውቅም። በዘጠነኛው ዓመት ግን ፈገግ አለች።

"ቦንዡር ማዳም ሕብስት፤ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?"

ሕብስት ደነገጠች። ይቺ ሴትዮ ምን ነካት?

ነገሩ ወዲያው ተገለጠላት። በጄኔቫ ሕግ ስዊዘርላንድ ውስጥ ስምንት ዓመት የኖረ የውጭ ዜጋ በኮሚዩን፣ ማለት በቀበሌ፣ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። የሕብስት ተራ ገና መድረሱ ነው፤ ማዳም ፋቭር ደግሞ ለኮሚዩኑ ምክር ቤት ትወዳደራለች። ሕብስት እንዲህ ዓይነቱን ፈገግታ ታውቀዋለች። በዘጠና ሰባት አዲስ አበባ የቀበሌያቸው ሰውዬም ማንን እንደመረጠች የጠየቃት እየሳቀ ነበር፤ ከአገር ያስወጣት ያ ሳቅ ነው።

ሽሊረን፣ ዙሪክ ጥግ፣ መጋዘን ለሚሠራው ለአክስቷ ልጅ ለአየነው ደወለች።

"ምን ይገርምሻል?" አለ። "እዚህ የውጭ ሰው አይመርጥም፤ የኔም ጎረቤት ሰላም አይለኝም። አንቺ ድምፅ ተሰጠሽ፣ ሰላምታው ተከተለ። ምርጫው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።"

"ሕጉ ልቧን አራርቶት ቢሆንስ?"

"ሕጉ ያራራው ጥርሷን ነው።"

ከምርጫው በኋላ ባለው ሳምንት ሕብስት ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው። ብቻዋን ናት፤ ከሆስፒታል ስትወጣ ውሃ የሚያቀብላት የለም። ማዳም ፋቭር ይህን ስትሰማ "እኔ አለሁ" አለች።

"ኧረ አይቸገሩ" አለች ሕብስት እንደ ወጉ፣ ሁለት ሦስቴ ተለምና ልትቀበል።

"እሺ" አለችና ማዳም ፋቭር ገብታ በሯን ዘጋች።

አየነው "ምን አልኩሽ?" አለ።

ምርጫው አለፈ፤ ማዳም ፋቭር ተሸነፈች። ሕብስት ሊፍት ውስጥ ስታገኛት ልትፈትናት ብላ "እኔም አልመረጥኩዎትም" አለቻት። ውሸቷን ነው፤ መርጣታለች።

ማዳም ፋቭር ትከሻዋን ሰበቀች። "እናቴም አልመረጠችኝም። የሚረዳዎት ሰው አገኙ?"

"አላገኘሁም።"

"ታዲያ እኔን ለምን እምቢ አሉኝ?"

ሕብስት መግደርደርን በፈረንሳይኛ የምታስረዳበት አፍ አጣች። የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ሰጠቻት፤ ወርቋን ግን ሆስፒታል ድረስ በቦርሳዋ ይዛው ሄደች።

ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ በተኛችበት በመጀመሪያው ቀን ማዳም ፋቭር የሽንኩርት ሾርባ ይዛ ገባች። ሕብስት ሳህኑን አየች፣ ሴትዮዋንም አየች።

"መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱ።"

ማዳም ፋቭር የአበሻ አክብሮት መስሏት ደስ ብሏት ቀመሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ማንኪያ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ሕብስትም እስካሁን ቀድማት አትቀምስም።