ሲወጡ የሚያወሩት

ጋሽ ባትሪን ለማማት ከተነሳሁ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። እስካሁን የሚታማ ነገር አላገኘሁበትም፤ ይኼ ራሱ ያናድደኛል።

ሲኒማ ቤታችን ሁለት በር አለው። ሰው በፊት ለፊቱ ገብቶ በጓሮው ይወጣል። እኔ ትኬት ቆራጭ ስለሆንኩ ፊት ለፊት፣ ከመስታወት ጀርባ ነው የምቀመጠው። መስታወቱ ሥር እጅ የምታስገባ ቀዳዳ አለች። በእሷ በኩል የማውቀው እጅ ብቻ ነው፤ ቀለበት ያደረገ እጅ፣ ጥፍሩ የተበላ እጅ፣ የሚቸኩል እጅ። «ሁለት፣ መሀል ላይ» ይሉኛል። እቆርጣለሁ፣ ይገባሉ፣ አለቀ። ሲስቁና ሲጮኹ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ሲወጡ ግን አላያቸውም።

ጋሽ ባትሪ የጓሮው በር ጌታ ነው። ስሙን ያወጡለት ተመልካቾች ናቸው፤ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው በባትሪ እያበራ ወንበር ስለሚያሳይ። እጀታው ያጠረ ኮት የሚለብስ ረጅም ሽማግሌ ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወደ ጓሮ ይወጣና የዛገውን መቀርቀሪያ ታግሎ ከፍቶ ሳንቃዎቹን በድንጋይ ያስደግፋል። ከዚያ ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይከበዋል። ያየውን ሁሉ የሚዘረግፈው ለእሱ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ሥራ አስኪያጁ ይጠራዋል። «እህሳ ጋሼ፣ ሰው ምን አለ?» ይለዋል። ጋሽ ባትሪ «ይቆይ» ያለው ፊልም ይቆያል፣ «ይውረድ» ያለው ይወርዳል። አዲስ ፊልም ሲመረጥም ይዞ የሚሄደው እሱን ነው። እኔን ግን «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ ፍጡር የለም። ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ? አባቴ በሚሆን ሰው ላይ አንጀቴ እስኪያርር ቀናሁ።

ያ ፊልም የመጣው እንዲህ ባለሁበት ሰሞን ነው። ጡረታ የወጣ ወታደር ልጁን አፍነው ይወስዱበታል፤ ጠመንጃውን ከሳጥን ያወጣል። ፖስተሩ ላይ ከኋላው እሳት ይነዳል፣ ድልድይ ይታያል፣ ጓደኛው በስስት ያየዋል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ፀጉሩ የሸበተ አለቃው ፈገግ ብሏል። ፖስተሩን ስለጥፍ አንዴ አየሁትና ገባኝ። ከሃዲው አለቃው ነው፣ ጓደኛው ይሞታል፣ ልጅቷ ድልድዩ ላይ ትተርፋለች። ሙጫው ሳይደርቅ ፊልሙን ጨረስኩት።

የመጀመሪያው ቀን የስምንት ሰዓቱ ሲያልቅ መስኮቴን ዘግቼ፣ መጸዳጃ ቤት የምሄድ መስዬ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል።

«መኪናው ሲገለበጥ እኔ ፍሬን ረግጫለሁ! እግሬ እስካሁን ይንቀጠቀጣል» ይላል አንድ የታክሲ ሹፌር።

«ምኑን አየኸው?» አለው መነጽር ያደረገ አስተማሪ። «አለቃው መሆኑን ገና በአምስተኛው ደቂቃ አውቄዋለሁ። ተማሪዎቼ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይዋሻሉ።»

የሥራ ልብሷን ያላወለቀች ነርስ መሀል ገባች። «ብናውቀውስ ምን ይጠበስ? መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ሆስፒታል ሞልቶኛል። እዚህ የምመጣው አውቄው ልቀመጥ ነው።»

ጋሽ ባትሪ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ያዳምጣል። «እና ልጅቷስ? ተረፈች?» ሲል የገዛ ልጁ የታፈነችበት ይመስላል። ተረፈች ሲሉት ተነፈሰ። እኔም «አይ ተዋናይ!» አልኩ በሆዴ። ሐሙስ ደግሞ «ይቆይ፣ ሦስት ሳምንት ይሄዳል» ማለቱን ሰማሁ።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። በማግስቱ ትኬት በቆረጥኩ ቁጥር ወደ ቀዳዳዋ ጎንበስ እያልኩ መጨረሻውን ሹክ ማለት ጀመርኩ። «ከሃዲው አለቃው ነው። ልጅቷ ትተርፋለች።» አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ይሰድበኛል፤ ትኬቱን መልሶልኝ የሄደም አለ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልካቹ ሳሳ፤ ሲወጡም ማጉረምረም በዛ። ጋሽ ባትሪ በመስኮቴ ሲያልፍ ቆም አለ።

«መጨረሻውን የሚያወራ ሰው አለ አሉ» አለኝ።

ሳንቲም የምቆጥር መስዬ አቀረቀርኩ። «ማን ይሆን ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ምቀኛ አታሳጣኝ ነው» ብሎ ስቆ አለፈ። እኔ መሆኔን ጓሮ ላይ ለእሱ ያልነገረው ሰው እንደሌለ ዛሬ ይገባኛል። ለሥራ አስኪያጁ ግን ትንፍሽ አላለም።

ሐሙስ ደረሰ። «ጋሼ፣ ጆሮዎ ደከመ መሰለኝ» አለው ሥራ አስኪያጁ። «እስቲ ለጊዜው ቦታ ተቀያየሩ። እርስዎ ትኬት ይቁረጡ፣ እሷ ወደ ጓሮ ትሂድ።»

በደስታ ክንፍ አውጥቼ ቤት ገባሁ። ታላቅ እህቴ ቀሚሴን ስተኩስ አየችኝና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን» አለች። አብሬያት ስኖር እንዳኮረፍኳት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ቀሚሴን ይዤ በሩን ዘጋሁባት።

በነጋታው መቀርቀሪያውን ስታገል ጥፍሬ ተሰበረ። ሳንቃዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። ሰዉ ወጣ።

«እንዴት ነበር?» አልኩ ፈገግ ብዬ። «አለቃው ነው አይደል?»

«አዎ» አለኝ አንዱ፤ አለፈ።

«ልጅቷም ድልድዩ ላይ...»

«አዎ፣ አዎ» እያሉ አለፉ። ሹፌሩ እያየሁት አለፈ። ሲያልፉ የማየው ጀርባቸውን ብቻ ሆነ፤ እጅ ማየት በስንት ጣዕሙ! መጨረሻ ላይ ያቺ ነርስ ወጣች፤ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

«ጋሼ የት ሄዱ?»

«አሁን እኔ ነኝ። ለእኔ ንገሪኝ።»

«ላንቺ ምኑ ይነገራል? ታውቂው የለ እንዴ?» አለች፤ ለክፋት አልነበረም። «እሳቸው እኮ በር ለመክፈት ስለሚወጡ የአንድም ፊልም መጨረሻ አይተው አያውቁም። ስንት ዓመት ሙሉ የምንጨርስላቸው እኛ ነን።» ይህን ብላ በግድግዳው ጥግ ወደ ፊት ለፊት ታጠፈች።

ተከተልኳት። የወጣው ሰው ሁሉ ዞሮ መስኮቴ ላይ ተሰልፏል፤ ሹፌሩም፣ አስተማሪውም። ጋሽ ባትሪ ረጅም ቁመቱን አጥፎ ጆሮውን ቀዳዳዋ ላይ ለጥፏል። «እና ልጅቷስ? ተረፈች?» ይላል። ሰልፉ በሳቅ ይናጣል። በዐሥራ አንድ ዓመት ያቺ ቀዳዳ እንዲህ ስትስቅ አንድ ቀን አልሰማኋትም። ዓይኔ ደም ለበሰ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከነርሷ ኋላ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ቂም የሚባል ነገር ፊቱ ላይ የለም።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። «እንዴት ነው ፊልሙ?»

ተናግረው የጨረሱት ሁሉ ከበውኝ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ያየሁት ፖስተሩን ብቻ ነበር።