ባሊው አጠገብ የተሰጠ ፈተና

የታሰርኩት እጄን በማውጣቴ ነው። የክረምቱ የመምህራን ሥልጠና ሊያበቃ ሲል መድረኩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ «ጥያቄ ያለው?» አለ። እንዲህ ሲባል ዝም እንደሚባል የማያውቅ መምህር በአዳራሹ አልነበረም። እኔ ግን ሲቪክስ ነበር የማስተምረው። «ሐሳብን በነጻነት መግለጽ» የሚለውን ምዕራፍ በየዓመቱ ከአንዱ ሴክሽን ወደ ሌላው እየዞርኩ ስደጋግመው ኖሬ፣ ሳይታወቀኝ ሳላምነው አልቀረሁም። ተነሥቼ ባለፈው ሴሚስተር ከክፍሌ የተወሰደው ተማሪ የት እንዳለ ጠየቅሁ። ከእኔ አንድ ወንበር አልፈው የተቀመጡት አንጋፋው የታሪክ መምህራችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ «ጥያቄው የእኔም ነው» አሉ። በመሃላችን የነበረው የኢኮኖሚክስ መምህር ምንም አላለም። በመሃላችን በመቀመጡ ብቻ ሦስታችንንም ወሰዱን።

የታሰርንበትን ክፍል ያወቅሁት መጀመሪያ በአፍንጫዬ ነው። በሩ ሳይከፈት ሽታው ወጥቶ ተቀበለን። ሲከፈት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ ግድግዳው የሰው ወዝ ጠጥቶ ያብለጨልጫል፤ ጥግ ላይ ክዳን የሌለው ባሊ ቆሟል። በተሰጠኝ ብርድ ልብስ ላይ የማላውቀው ሰው ትውከት ደርቆ ነበር። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ለበስኩት። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይላሉ። እኔ አልለመድኩም። ዛሬም ድረስ ያቅለሸልሸኛል።

ይህን የምጽፈው ሜልበርን ውስጥ፣ ሰንሻይን በሚባል ሰፈር በተከራየነው ቤት፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንድጽፈው ያደረገችኝ ልጄ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ እዚህ አገር ታሪክን፣ ሲቪክስንና ኢኮኖሚክስን አንድ ላይ ጠቅልለው «ሂዩማኒቲስ» ይሏቸዋል። እኛ ሦስት ሰዎች ሆነን እናስተምር የነበረውን እሷ በአንድ ደብተር ይዛው ትመጣለች። እኔ በታሰርኩበት ጊዜ አንደኛ ክፍል ነበረች። «አባትሽ ሥልጠና ሄዷል» አለቻት እናቷ። አልዋሸችም፤ እዚያም ሥልጠና ነበር።

የእስር ቤቱ አሰልጣኛችን ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ሲያወራ ጥርሱን በክብሪት እንጨት የሚጎረጉር ሰው ነበር። ሌሎቹ ይሳደባሉ፤ ስድብ ይቻላል። እሱ ግን ያከብረናል። ሦስታችንንም አንቱ እያለ፣ ሻይ እያስቀዳ ነበር የሚያነጋግረን። አንድ ቀን ቢሮው አስጠርቶኝ የጎረጎረበትን እንጨት ጫፍ ካየ በኋላ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተውና እንዲህ አለኝ፦

«መምህር፣ ትምህርቱ እኮ የእርስዎ ነው። እኔ ምን እጨምርበታለሁ? በሳምንቱ መጨረሻ እንግዶች ይመጣሉ። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ያስተምሩልኝ። ከዚያ ቤትዎ ገብተው ልጅዎን ያቅፋሉ።»

ልጄን በዚያ አፍ ሲያነሣት የጠጣሁት ሻይ ወደ ላይ መጣብኝ። ዋጥኩት። «አስብበታለሁ» አልኩ።

መጀመሪያ ያስተማረው የኢኮኖሚክሱ ወዳጄ ነው። ሰሌዳ አመጡ። ባዶ ግድግዳ ስላልነበረ ከባሊው በላይ ሰቀሉት። ወዳጄ የሚወጣ መሥመር ስሎ ስለ እድገት ማስረዳት ጀመረ። መሃል ላይ ተቅማጥ የያዘው አንድ እስረኛ መቆየት አቃተው። «ይቅርታ፣ መምህር» ብሎ ሰዎቹን ተረማምዶ መጣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ከሰሌዳው ሥር ባሊው ላይ ተቀመጠ። አሰልጣኙ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ «ይቀጥሉ፣ መምህር» አለ። ወዳጄ ቀጠለ። ያን ድምፅና ያን ሽታ እየሰማና እያሸተተ መሥመሩን እስከ ሰሌዳው ጫፍ ወሰደው። ወዲያው ለቀቁት። አልፈርድበትም። ሲወጣ ፊቱን አይቼዋለሁና አልፈርድበትም።

ጋሼ ተራቸው ሲደርስ «ጉሮሮዬን አሞኛል» አሉ። ዕለቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ሲጨዋወቱ ስለዋሉ ጉሮሯቸው ደህና እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ላስተምር ነው» አልኳቸው።

«አስተምር። ልጅ አለህ።»

«አዝነውብኝ እንዳይሆን።»

«ምን አዝንብሃለሁ? እኔ ተማሪ ሆኜ እቀመጣለሁ። ተማሪ ከሆንኩ ስንት ዘመኔ!» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ልወጣ ፈልጌ ነበር። ልጄን ማየት፣ ገላዬን መታጠብ፣ በር ዘግቼ ለብቻዬ መጸዳዳት እፈልግ ነበር።

የመጡት እንግዶች ከበሩ ውስጥ አልገቡም። ደፉ ላይ ወንበር ተደረገላቸው። አሰልጣኙ ያመጣልኝ መጽሐፍ ትምህርት ቤት የማስተምርበት ያው ራሱ ነበር፤ ምዕራፉንም እሱ መርጦታል። ማስታወሻ ከመስጠት ይልቅ በምዕራፉ መጨረሻ ያለውን «እውነት ወይም ሐሰት» እንዳሠራ፣ ተማሪ የተባሉት እስረኞችም በኅብረት እንዲመልሱ አስጠንቶናል። ሁሉም መልስ እውነት ነው። ጠመኔውን አነሣሁ። ከሥሬ ባሊው እስከ አፉ ሞልቷል። ሆን ብለው ይሁን ረስተውት አላውቅም፣ ያን ጠዋት እንድንደፋው አልፈቀዱልንም። ዝንቡ ከባሊው ተነሥቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል።

«የታሰረ ሰው የታሰረበት ምክንያት ይነገረዋል» ብዬ አነበብኩ።

«እውነት!» አሉ ሁሉም።

ሰሌዳው ላይ ራይት አደረግሁ።

«የታሰረ ሰው በቤተሰቡ የመጎብኘት መብት አለው።»

«እውነት!»

ከመላሾቹ ብዙዎቹ ከታሰሩ ጀምሮ የቤተሰባቸውን ዓይን አላዩም። አሁንም ራይት አደረግሁ። እጄ በራሱ ነው የሚሠራው፤ ስንት ዓመት የለመደው ሥራ ነው። በዚያች ቅጽበት ከባሊው ይልቅ የገዛ እጄ ነበር የቀፈፈኝ።

«የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ ይያዛል።»

ሁሉም አፋቸውን ሳይከፍቱ ጋሼ እጃቸውን አወጡ። እንዳላየ ማለፍ እችል ነበር። ግን በክፍሌ እጁን ያወጣ ተማሪ አልፌ አላውቅም።

«እሺ፣ ጋሼ።»

ተነሡ። ቀበቶ ተወስዶብን ስለነበር ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው ጨብጠው፣ በሌላው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ሐሰት» አሉ።

እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሰልጣኙ ክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ፤ ትሕትናው ግን አልተለየውም።

«ተሳስተዋል። መምህር፣ ያርሟቸው።»

ባሊውን አየሁት። መጽሐፉን አየሁት። ጋሼ አሁንም ሱሪያቸውን እንደያዙ ቆመው፣ የሰጡት መልስ እስኪታረም እንደሚጠብቅ ጨዋ ተማሪ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ልጄ ትዝ አለችኝ። ፊቷ አይደለም የታወሰኝ፤ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ከፍታ «አርምልኝ» የምትለኝ ነገር ነው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ከፊተኞቹ ሁለቱ ይልቅ ትልቅ አድርጌ ራይት ጻፍሁ።

«ትክክል ነው» አልኩ። «ጋሼ ደፍነዋል።»

ማንም አላጨበጨበም። ጋሼ ከሥራ ውጪ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። ያን ቀን ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» ብለው ተቀመጡ። እንግዶቹ ወንበራቸውን ትተው ወጡ። በአገናኝ መንገዱ ሲሄዱ አንዱ ሲስቅ ሰማሁት፤ የአሰልጣኙ ሽቶ ሽታ ከሰገራው ሽታ ጋር ተደባልቆ በሩ ላይ ቀረ። እስካሁን አንዱን ሳሸት ሌላው ይመጣብኛል።

ከሰዓት በኋላ መጥተው ጋሼን ወሰዷቸው። ብርድ ልብሳቸውን እንኳ እንዲይዙ አልፈቀዱላቸውም። እኔ ሌላ ክረምት እስኪገባ እዚያው ቆየሁ። ጋሼን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ያሉበትን የጠየቅኋቸው ሁሉ አናውቅም አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የቤት ሥራዋን ይዛ ወጥ ቤት ተቀመጠች። እኔ ከምሠራበት መጋዘን የማለዳ ሺፍት ገብቼ ምሳዬን እያሞቅሁ ነበር። ስለ መብት የሚጠይቅ ወረቀት ነው፤ እውነት ወይም ሐሰት። የታሰረ ሰው ለምን እንደታሰረ ይነገረዋል የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና እንኳ ሳትል እውነት የሚለውን አከበበች። ምግቡን ትቼ ወደ ማጠቢያው ሄድሁ፤ አስመለሰኝ።

«ዳዲ፣ አሞህ ነው?»

ተቀመጥኩና ያ ሥልጠና ምን እንደነበር ነገርኳት። ባሊውንም አልደበቅኋት። እናቷ ከጓዳ ሆና ታዳምጣለች፤ አላቋረጠችኝም። ልጄ አማርኛውን ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

«ጋሼ ግን የት ገቡ?» አለችኝ።

«አላውቅም፣ ልጄ።»

«እና አንተን በእሳቸው ምክንያት አልለቀቁህም?»

«በእሳቸው አይደለም። ያረምኩት እኔ ነኝ።»

ላጲስ አንሥታ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩ። «ተይው» አልኳት። «አንቺ ባለሽበት እውነት ነው። እውነት ሆኖ እንዲቆይልሽ ነው የምፈልገው።»

አርብ ዕለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠራችኝ። መምህሯን አስፈቅዳ ያንን የጋሼን ጥያቄ ለክፍሉ አንብባላቸው ኖሯል። ሁሉም እውነት አሉ። አንዲት ብዙ የማታወራ ልጅ፣ ከየት አገር እንደመጣች ልጄ በውል የማታውቃት፣ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

«ሐሰት አለች» አለችኝ ልጄ። ይህችን ብቻ በአማርኛ።

«አንቺስ ምን አደረግሽ?»

በጣቷ አየር ላይ ትልቅ ራይት ሠራች፣ ልክ ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ።

ማቅለሽለሹ አልተወኝም። ዛሬም ሽቶ የተቀባ ሰው ባቡር ውስጥ አጠገቤ ሲቆም ቦታ እቀይራለሁ። እንዲተወኝም አልፈልግም፤ የተወኝ ቀን ለምጄዋለሁ ማለት ነው። ጋሼም ያን ያህል ጊዜ እዚያ ክፍል ውስጥ ከባሊው ጋር ተቀምጠው አልለመዱትም ነበር።