ገበር የበዛበት ቀሚስ

ፕሌኖ ከተማ ውስጥ በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳንስ አስተምራለሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ዳንስ» ብዬ አላቆምም፤ «ዳንስና የዳንስ ታሪክ» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ጠያቂው በቀላሉ አያመልጠኝም።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ዘመን የሚያሳይበት የዳንስ ምሽት አዘጋጀ። በዕጣ ለእኔ ክፍል የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው አጋማሽ ደረሰው፤ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። በዚያ ዘመን እኮ ልብሱ ተለውጦ ዳንሱን ለወጠው! ከዚያ በፊት ሴቶች ጎኑ የተወጠረ ከባድ ቀሚስና ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው ነበር የሚደንሱት። ከዚያ ያ ሁሉ ወለቀ። ቀሚሱ ስስ ነጭ ጥጥ ሆነ፤ ወገቡ ከጡት ሥር ወጣ፤ ከዚያ ወደ ታች እንደ ግሪክ ሐውልት ልብስ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጫማውም ተረከዙን ጣለና በጥብጣብ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ለስላሳ ሳቲን ሆነ። እመቤቶቹ ለግብዣ የሚያደርጉትና ዳንሰኛዋ መድረክ ላይ የምታደርገው እምብዛም አይለይም ነበር።

ለብቻ የሚደነሰውን፣ በረጅም ሻል የሚሠራውን ዳንስ፣ አጠገባችን ባለችው ዋይሊ ከተማ ለምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ተማሪዬ ሰጠኋት። እስከዚያ ቀን ሁልጊዜ ከኋላ መስመር ነበር የምትቆመው። እናቷ ሆስፒታል ይሠራሉ፤ በእረፍት ቀናቸው ደግሞ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ልብስ ይሰፋሉ። እዚያ ጭፈራ አይወደድም። ስለዚህ የቀሚሱን ሥዕል ይዤ ራሴ ቤታቸው ሄድኩ።

«ይሄ የሌሊት ልብስ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«በዚያ ዘመንም ሰው እንደዚያው ብሎ ነበር!» ስል ደስታዬ አፈትልኮ ወጣ። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም።

«ወገቡስ ምን ሆኖ ነው እዚህ የተሰቀለው? ልጄን እርጉዝ ልታስመስያት ነው?»

«ማሚ!» ልጅቱ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ዝም በይ አንቺ። ቲቸር፣ አከብርሻለሁ። ግን እሑድ እሑድ የማገኘው ሰው አለ። ማለቴ፣ ይሄ ጭፈራ ነው ወይስ ምንድን ነው?»

«ታሪክ ነው፣ እትዬ።»

«ታሪክ እንዲህ ይሳሳል?» ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩትና ወደ እኔ መለሱልኝ። «እሺ። ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ። ሲያልቅ ዓይኔ ካልወደደው ግን መድረክ የሚባል ነገር የለም። ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ።

ልጅቱ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝ። «ሶ፣ እሺ አለች ማለት ነው?»

«ለቀሚሱ እሺ ብለዋል» አልኳት።

ምሽቱ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናትየው ከሥራ እንደወጡ፣ የሆስፒታል ልብሳቸውን ሳይቀይሩ፣ ቀሚሱን ወደ ልምምድ ክፍላችን ይዘው መጡ። ልጅቱ ለብሳው ወጣች። የመዘምራን ልብስ በሚሰፉበት መንገድ ነበር የሰፉት። ጨርቁ እንዳልኩት ስስ ነጭ ጥጥ ነው፤ ግን ገላ እንዳያሳይ ገበር ተደርጎበታል፤ ገበሩ እንዳያሳይ ደግሞ ሌላ ገበር፣ ከሥሩም ሌላ። ወገቡን ወደ ቦታው መልሰውታል። ጠርዙ መሬት ይጠርጋል። ቀጥ ብሎ መውረድ የነበረበት ቀሚስ እንደ ደወል ተነፍቶ ቆመ። ልጅቱ ሻሉን ይዛ ስትራመድ ቀሚሱ ቀድሟት ይደርሳል።

«ላምፕ ነው የምመስለው» አለች።

«አባጆራ ያለው ላምፕ ራቁቱን ከተንጠለጠለ አምፖል ይሻላል» አሉ እናቷ።

ገበሩን ላስፈታ ብል ልጅቱን ይዘዋት ይሄዳሉ። ልተወው ብል የሻሉ ዳንስ አይሠራም። ልጅቱ እኔን እኔን ታየኛለች። ምን እንደምላት ሳስብ ቀሚሱን እንደገና ከላይ ወደ ታች አየሁት። ወገቡ ቦታው ተመልሷል። ሰፍቷል። ነጭ በነጭ ተደራርቧል። ሮጬ ወደ ሰሌዳው ሄድኩና ሁለት ቀሚስ ጎን ለጎን ሣልኩ።

«ይሄኛው እኛ ያሰብነው ነው። ይሄኛው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው! ፋሽኑ ራሱ ወገቡን መለሰ፣ ቀሚሱን አሰፋ፤ የባሌት ዳንሰኞችም ስስ ነጭ ጨርቅ ደራርበው እንደ ደወል ለበሱ። እትዬ፣ ማንም ሳይነግርዎ ያንን ሁሉ ዓመት በአንድ ስፌት ተሻገሩት!»

«ሶ፣ ተሳስቻለሁ ወይስ አልተሳሳትኩም?» አሉ እናትየው።

«ለሻሉ ዳንስ ተሳስተዋል። ዳንሱን ከቀየርን ግን አልተሳሳቱም።»

አንድ ነገር ቀረ፤ እሱም ከባዱ ነበር። የዚያ ዘመን የመድረክ ቀሚስ አጭር ነው። ዳንሰኞች በጣታቸው ጫፍ መቆም የጀመሩት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በዚያው ለስላሳ የሳቲን ጫማ፣ ጫፉን በክር ጠቅጥቀው እያጠነከሩት። ተማሪዬ ገና በግማሽ ጣት፣ ተረከዟን ብቻ አንሥታ ነው የምትቆመው፤ ቢሆንም እግሯ ካልታየ ድካሟ ሁሉ ከቀሚሱ ሥር ይቀራል። ይህን ሳስረዳ የእናትየው ፊት ጠቆረ።

«አሁን ደግሞ ልታሳጥሪው ነው?»

«ትንሽ ብቻ።»

«ትንሽ የት ድረስ ነው?»

እኔ የባቴን መሃል አሳየሁ፤ እሳቸው ቁርጭምጭሚታቸውን። ልጅቱ አልተከራከረችም። ወደ ክፍሉ መሃል ሄደች፣ በጣቶቿ ተነሣችና ዞረች። በገበሮቹ መሃል አየር ገባ፤ እሷ ስትቆም ቀሚሱ አልቆመም፤ አልፏት ዞረና ነጩ በነጩ ላይ ተራ በተራ ረጋ።

እናትየው ወደ ፊት ጠጋ አሉ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«እግርሽን ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የዞርሽው?»

«አላየሽውም?»

«በየት በኩል ልየው? ሸፍኖት!»

ይህን ካሉ በኋላ ራሳቸው ወደ ሰፉት ጠርዝ አዩ። እኔም፣ ለእኔ ቀላል ባይሆንም፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ከቦርሳቸው መርፌ ቁልፍ አውጥተው ተንበረከኩ። «ቀጥ በይ» አሏት፤ ጠርዙን አጠፉ፣ አዩት፣ ደግመው አጠፉ። ጠርዙ ያረፈው ካሳየሁት ቦታ በትንሹ ዝቅ ብሎ ነው።

«ከዚህ በላይ አንድ ጣት አልጨምርም፣ ቲቸር።»

«አይጨምሩ!» ብዬ ጮህኩ፤ ልጅቱም ጮኸች፤ እናትየው «ቀጥ በይ አልኩ እኮ፣ ትወጊያለሽ!» አሉ።

ሳምንቱን በሙሉ ከትምህርት በኋላ አዲሱን ዳንስ ሠራን፤ በምሽቱ ስለ ዘመኑ ለማደርገው ንግግር ያዘጋጀሁትንም ሁሉ እንደ አዲስ ጻፍኩት። በምሽቱ እናትየው «ጠርዙን ልይላት» ብለው ከመድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ኋላ መጡ። ጠርዙን አይተው ጨረሱ፤ አልሄዱም።

«እትዬ፣ ሊጀመር ነው። ፊት ለፊት ወንበር ይዤልዎታለሁ።»

«እዚያ የሰው ራስ ይከልለኛል» አሉ፣ መጋረጃውን በአንድ እጃቸው ገለጥ አድርገው። «ከዚህ እግሯ በደንብ ይታየኛል።»

ሙዚቃው ጀመረ፤ ልጅቱ ወጣች።