የቆጣሪው ሚስት ስቶቭ

የሥራ ባልደረባዬን ከተማው ሁሉ «ቆጣሪው» ይለዋል። ወንዙ ዳር ባለችው የኃይል ማመንጫችን ውስጥ ወንበሩን ስቦ ይቀመጥና ዓይኑን ከመርፌዋ ላይ አይነቅልም። መርፌዋ ከተማው ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ ታሳያለች። ማመንጫ ማለታችንም ለወጉ ያህል ነው፤ አንድ ሰው ቤቱ ስቶቭ ቢያበራ መርፌዋ ትነቃነቃለች።

የቆጣሪው ሚስት ደግሞ አንድ አመል አለባት። ስቶቩን ታበራለች፣ በራ አልበራ ብላ ትጠራጠርና ታጠፋለች፣ መልሳ ታበራለች። መርፌዋም ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ ትላለች። እሱ ማታ ቤቱ ሲገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ «ዛሬም ማሽኑን አስጨነቅሽው» ይላታል። ስንት ዓመት ሙሉ! እኔ በሰው ትዳር አልገባም እንጂ፣ እሷን ብሆን ድስቱን አናቱ ላይ ነበር የምደፋለት። እሷ ጨዋ ናት። «እንግዲያው ማሽንህ ያብስልልህ» ብላ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ዘንድ ሄደች። እህቷ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ የኛ መስመር የማይደርስበት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሰው አልሆነም። ደረቅ ዳቦ እየገመጠ መርፌዋ ላይ ያፈጣል። «ሂድና ይቅርታ ጠይቃት» ብለው፣ «ጠየቅኳት፤ አስብበታለሁ አለች» አለኝ። አንጀቴን በላው። አናደደኝም።

በጋው ገፋ፣ ወንዙ ቀጠነ። ውሃ ሲያንስ አመሻሽ ላይ የአንዱን ሰፈር መብራት በተራ እናጠፋለን። ያን ዕለት ተራው የቆጣሪው ሰፈር ነበር። እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ መርፌዋ ወጣች። ወረደች። ወጣች።

እጄን ያዘኝ።

«ተወው» አለኝ። ተነሳና የሥራ አስኪያጃችንን ሰፈር አጠፋው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ። «ዛሬ ተራው የኛ ነው እንዴ?» ሲል የአስኪያጁ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አይደለም ጌታዬ። ባለቤቴ ድስት ጥዳለች።»

በቃ፣ እንጀራው ተዘጋ ብዬ ለራሴ ወንበር ፈለግኩ።

«ተመለሰች?» አለ አስኪያጁ።

«አሁን ገና።»

«በል እሺ። ሻማ እንፈልጋለን።»

በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ደንብ ደንብ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።

«ማታ ስትገባ ምን አልካት?» አልኩት።

ዓይኑን ከመርፌዋ ላይ ሳያነሳ፣ «ምንም» አለኝ። «ጫማዬን አወለቅኩ።»