ትልቁ ማጉያ ወረታ ገባ

ማክሰኞ ንጋት፣ 12 ሰዓት፣ ወረታ

የአውቶቡሱ ጣሪያ በገብስ ከረጢት ተሞልቷል። እኔ የከተማችን የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ አጠገቤ የተቀመጠው የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ነው። ጎንደር የምንሄደው ለልምምድ የሚሆን፣ ስፒከሩ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ያለ ትንሽ የቤዝ ድምፅ ማጉያ ልንመርጥ ነው። የምንለማመደው በቀበሌው አዳራሽ ነው፤ ከስሱ ግድግዳ ወዲያ ደግሞ መሠረተ ትምህርት ይሰጣል። መምህሯ «ድምፃችሁን ካልቀነሳችሁ አዳራሹን ትለቃላችሁ» ብላናለች። እውነቷን ነው። ስለዚህ ቡድኑ ተሰብስቦ መራጩ እኔ እንድሆን ወሰነ።

2 ሰዓት፣ ይፋግ

የርብን ወንዝ ተሻግረናል። ሜዳው ኑግ አብቦ ቢጫ ብቻ ነው፤ ውኃው ገና ባልሸሸበት ረግረግ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ። ሻይ ስንጠጣ ሾፌሩ «ምን ልታመጡ ነው?» አለን።

«መሣሪያ» አለ ጓድ ታደሰ።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። «የሙዚቃ!» አልሁ ቶሎ ብዬ።

5 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር

የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴው አቶ ኑሩ ሱቅ ውስጥ ሁለት ማጉያ አለ። ትንሹ የመቀመጫ ዱካ ያህላል። ጊታሬን ሰክቼ ወፍራሙን ክር በቀስታ መታሁት፤ ድምፁ ዝቅ ብሎም ሙሉ ነው። ደረቴ ድረስ የሚደርሰው ትልቁ ግን ዝቅ ሲደረግ ይታፈናል፤ ካልጮኸ አይጠራም።

«ለልምምድ ትንሹ ነው፣ ጌታው። ትልቁ የአደባባይ ነው» አሉ አቶ ኑሩ።

ጓድ ታደሰ ትልቁን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይህን ነው የምንወስደው! ያንን ይዤ ብገባ ሬዲዮ ገዛ ይሉኛል።»

«ጓድ፣ መምህሯስ? እዚያው ግድግዳ ሥር እኮ ነው የምታስተምር!»

«አብዮት አይንሾካሾክም!»

ደሜ ፈላ። ምረጥ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ አምጥቶ፣ የመረጥሁትን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም! ማገዶ የሚገዛ ሰው እንኳ ደረቁን ይመርጣል እንጂ በቁመቱ አይገዛም።

9 ሰዓት፣ አዲስ ዘመን

ማጉያው ጓድ ታደሰ አጠገብ ወንበር ይዟል። አንድ አዛውንት ቄስ ተሳፍረው ቆሙ። ጓድ ታደሰ በመስኮት ያያል። ሳጥን ተቀምጦ ቄስ ይቆማል? ብድግ አልሁ። «አባ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«ተባረክ ልጄ» አሉና ማጉያውን አዩት። «እሱም ኃላፊ ነው መሰለኝ፤ አይነሣም።»

11 ሰዓት ተኩል፣ ወረታ

ጓዶቼ አዳራሹ በር ላይ ይጠብቁናል። ዘፋኟ የሺ ሳጥኑን አይታ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ የመረጥኸው?»

«አይደለሁም» አልሁ፣ ጓድ ታደሰ እየሰማ።

ፊቱ ቀላ። «ስካና አሰማቸው! እምቢ ካልህ ከዛሬ ጀምሮ ከቡድኑ ወጥተሃል!»

ጊታሩን ከትከሻዬ አውርጄ አስታቀፍሁት። እንዴት እንደሚይዘው ጠፍቶት አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ አዞረው። የሳቀ የለም። የሺ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«በሉ ጓድ፣ ይምቱልን» አለችው። «እንዘፍናለን።»